በሁለት ጣት ስፋት፦ ከስንጥቅ እንጨት ስለሚሠሩ ሥዕሎች
በልደታ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ልደታ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ፍርድ ቤቱ ነው። ዛሬ ማታ ግን ሁላችሁም ያለ ቀጠሮና ያለ መጥሪያ ስለመጣችሁ እኔም መቅድም አላበዛም። ርእሳችን ስፋቱ ሁለት ጣት፣ ውፍረቱ ከእርሳስ የማይበልጥ እንጨት ነው። ይህ እንጨት ጎን ለጎን ተደርድሮ እንዴት ሥዕል እንደሚሆን፣ እኛ አገር ማን እንደሠራበት፣ በዚህ ሰፈርስ ምን ሊሠራበት እንደሚችል እንነጋገራለን። ዓመቶችን ስጠራ የኢትዮጵያ ነው ካላልኩ በቀር የፈረንጅ አቆጣጠር እንደሆነ ያዙልኝ።

ጭቃ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ከዚህ እንጨት ጋር አብሮ ኖሯል፤ ልብ ብሎ ያየው ግን ጥቂቱ ነው። መጀመሪያ የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል። በቋሚው ላይ ከውስጥም ከውጭም ማገር በአግድም ይመታል፤ ምስማር በሌለበት በልጥ ይታሰራል። ከዚያ ጭድ የተቀላቀለበት፣ በእግር ተረግጦ ለቀናት የቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ሲደርቅ ይለሰናል፣ ይቀባል። ከዚያ ወዲያ ግድግዳው ላይ የሠርግ ፎቶግራፍ ይሰቀላል፣ የቀን መቁጠሪያ ይሰቀላል፤ ማገሩን የሚያስታውሰው የለም።

ጭቃ የሚመርግ ባለሙያ ግን የሚያውቀው ነገር አለ። ጭቃውን የሚይዘው ማገሩ ብቻ ሳይሆን በማገርና በማገር መካከል ያለው ክፍተት ነው። ጭቃው በክፍተቱ ገብቶ ከበስተኋላ ሲያብጥ ከእንጨቱ ጋር ይቆላለፋል። ማገሩን ያለ ክፍተት አጥብቃችሁ ብትመቱት ግድግዳው ድፍን ሰሌዳ ይሆንና ጭቃው የሚጨብጠው አጥቶ ይረግፋል። ዛሬ የምላችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ ክፍተት የሚወጣ ነው። ከስንጥቅ እንጨት በሚሠራ ሥዕልም ዋናው ጥበብ ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው። መጋጠሚያውን የሚደብቅ ሠሪ አለ፣ የሚያሳይም አለ፤ እኔ የሁለተኛው ወገን ነኝ። ምክንያቴን ለማስረዳት ከሩቅ ልነሣና ወደ ቤታችን ልመለስ።

በሰሜን አሜሪካ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የአብዛኛው መኖሪያ ቤት ውስጠኛ ግድግዳ የሚሠራው ከኛ ማገር ጋር በሚቀራረብ ዘዴ ነበር። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 122 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ያልተላገ ስንጥቅ በቋሚዎቹ ላይ ጥቂት ጥቂት ክፍተት እየተተወለት ይመታል። በላዩ የኖራ ወይም የጄሶ ልስን ይጫናል፤ ልስኑ በክፍተቱ ሾልኮ ከኋላ ይቆላለፋል። ከጦርነቱ በኋላ ከፋብሪካ የሚወጣው የጄሶ ሰሌዳ ይህን ሥራ ወሰደው። አሮጌዎቹ ቤቶች ሲፈርሱና ሲታደሱ ያ ሁሉ ስንጥቅ እየተነቀለ ወጣ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ከዚሁ እንጨት ሥዕል መሥራት ተለመደ። አንዱን ስንጥቅ ጥቁር ቡናማ፣ ሌላውን ግራጫ ያቀልሙታል፣ በማዕዘን ይቆርጡታል፣ በሰሌዳ ላይ ይደረድሩታል፤ የእህል ጎተራ፣ የመርከብ ሸራ፣ ተራራ፣ ጉጉት ይወጣዋል።

እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ ሥዕሎች እምብዛም አያስደንቁም። ጉጉቱ ይደጋገማል፣ ጎተራውም ይደጋገማል፤ ለሳሎን ማስጌጫ ተብሎ የተሠራ ነገር ጠባዩ ይኸው ነው። ሐሳባቸው ግን ደስ ይለኛል። ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ የኖረ እንጨት ወጥቶ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከዚህም በላይ ስንጥቁ ስንጥቅ መሆኑን አልካደም። የጎተራው ጣሪያ ከማገር የተሠራ ጣሪያ ነው፤ የምስማሩ ቀዳዳም እዚያው አለ።

የካዱትን ለማየት ወደ ጣሊያን እንሻገር። በ1470ዎቹ ለኡርቢኖው መስፍን ለፌዴሪኮ ዳ ሞንቴፌልትሮ አንዲት ትንሽ የንባብ ክፍል ተሠራችለት። የግድግዳዋ የታችኛው ክፍል ዙሪያውን በእንጨት ሥዕል የተሸፈነ ነው። ግማሽ የተከፈተ ቁም ሣጥን ይታያችኋል፤ ውስጡ መጻሕፍት፣ የሙዚቃ መሣሪያ፣ የጦር ልብስ ተቀምጧል። ብትዳስሱት ጠፍጣፋ ግድግዳ ነው። ቁም ሣጥኑም መጻሕፍቱም ከልዩ ልዩ ዛፍ ተሰንጥቀው፣ ተልገው፣ ፀጉር በማያስገባ ልክ የተገጣጠሙ ቁርጥራጮች ናቸው። ለዚሁ መስፍን ጉቢዮ በምትባል ከተማ የተሠራችለት ሁለተኛዋ ክፍል ዛሬ ኒው ዮርክ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። ጃፓኖችም በሃኮኔ ተራራማ አካባቢ ባለ ልዩ ልዩ ቀለም እንጨቶችን በጥቅል አጣብቀው፣ ጥቅሉን በመላጊያ እንደ ወረቀት ሳስቶ እስኪወጣ እየላጉ፣ ሣጥን ላይ የሚለጠፍ የጌጥ ንጣፍ ይሠራሉ። ሁለቱም ሥራዎች በብቃታቸው ያስደነግጣሉ። ግን ኩራታቸው መጋጠሚያውን ማጥፋት ነው። ኡርቢኖ ላይ የምናደንቀው እንጨቱ እንጨት አለመምሰሉን ነው፤ እንጨት ይህን ያህል ከደከመ ለምን ቀለም አይቀቡትም ነበር የሚል ጥያቄ አንዳንዴ ይመጣብኛል።

አሁን ወደ አገራችን።

አንጋፋው ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ በ1941 አዲስ አበባ ተወለዱ። የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም በ1957 ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው፤ በ1968 ተመረቁ፤ በኋላም እዚያው ለዓመታት አስተምረዋል። በተማሪነታቸው ዘመን ትምህርት ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ ይጠቅማል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተምረው ተመልሰው ያስተምሩ ነበር። እስክንድር ቦጎሲያን በ1966 ከፓሪስ መጥተው ጠልሰሙን፣ የብራናውን ሐረግና የምዕራብ አፍሪካን ጭምብል በአንድ ሸራ ላይ ሲያገናኙ ወጣቶቹ ያያሉ። ሦስተኛው ሰው ስሙ ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ ሃምቡርግ ተወልዶ ብራዚልን አገሩ ያደረገው ሃንሰን ባሂያ ነው። ከ1963 እስከ 1966 አዲስ አበባ ተቀምጦ በእንጨት ላይ ቀርጾ የማተምን ጥበብ አስተማረ፤ ዘሪሁንም ከተማሪዎቹ አንዱ ነበሩ።

ይህን ሦስተኛውን መምህር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሸራ የፈለጋችሁትን ይቀበላችኋል፤ እንጨት ግን የራሱ መስመር አለው። መሮውን በመስመሩ ስትነዱት ይሸሻል፣ አቋርጣችሁ ስትነዱት ይሰነጠቃል። እንጨት እየቀረጸ ያደገ ሠዓሊ ከሚሠራበት ቁስ ጋር መደራደርን ገና በወጣትነቱ ይለምዳል። የዘሪሁንን የኋላ ሥራ ሳይ ይህ ድርድር ይታየኛል።

ዘሪሁን በዓለም የታወቁት በቀርከሃ ስንጥቅ ላይ በሚሠሯቸው ሥዕሎች ነው። ቀጫጭን የቀርከሃ ስንጥቆች ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ ብዙውን ጊዜ ሰሌዳው ጠባብና ረጅም ነው። በላዩ ዓይኖች፣ መላእክት፣ መስቀሎች፣ የፊደል ቅርጾች፣ እንስሳት፣ የአፍሪካ ጭምብሎች ከላይ እስከ ታች በረድፍ በረድፍ ይወርዳሉ። በ1988 የሠሩት፣ ስሙ «ምርምር ከአስማት ጥበብ» ተብሎ ሊመለስ የሚችለው ሥራቸው ጀርመን፣ ሙኒክ በሚገኘው፣ በወቅቱ የሕዝቦች ባህል ሙዚየም ይባል በነበረው ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገብቷል። በ1989 ደግሞ ከግርማይ ሕይወትና ከወርቁ ጎሹ ጋር የሦስትዮሽ ዐውደ ርእይ ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ላይ ቀርቦላቸዋል። የእሳቸውን ሥራ የሕዝብ ጥበብ ማለት አይቻልም፤ የተማረ፣ ዓለምን የዞረ ሠዓሊ ሥራ ነው። ቁሱና ቅርጹ የመጡት ግን ከሕዝብ ቤት ነው።

ቅርጹን እንመልከት። ጠባብና ረጅም የሆነ፣ ከላይ ወደ ታች የሚነበብ ሥዕል እኛ ዘንድ አዲስ አይደለም። ደብተራ የሚጽፈው የብራና ክታብ እንደዚሁ ነው። በጥንቱ ልማድ ክታቡ የሚቆረጠው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነበር፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ። የአንድ ፍየል ወይም በግ ቆዳ ደግሞ የሰው ቁመት አይደርስም፤ ስለዚህ የብራናው ቅዳጆች ጫፍ ለጫፍ ይሰፋሉ፤ ስፌቱም አይደበቅም፤ በጠልሰሙና በጸሎቱ መካከል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዘሪሁን በቀርከሃ ላይ ያመጡት የዚህን ክታብ ዓይንና ቁመት ነው። ቻይናዎችም ወረቀት ሳይስፋፋ በፊት መጽሐፍ የሚጽፉት በቀርከሃ ስንጥቅ ላይ ነበር፤ በእያንዳንዱ ስንጥቅ ላይ አንድ መስመር ከላይ ወደ ታች ይጽፋሉ፣ ስንጥቆቹን በገመድ ያያይዛሉ፣ ይጠቀልላሉ። በ1972 ሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ዪንቼሻን ከሚባል ቦታ ከመቃብር የወጡት ስንጥቆች የሱን ዙ የጦር ጥበብ ጥንታዊ ቅጂ ይዘው ተገኝተዋል። ስንጥቅ ገጽ ሆኖ ማገልገሉ የቆየ ነገር ነው።

አሁን ወደ መጋጠሚያው። አንድ ሠዓሊ በሃያ ስንጥቆች ላይ አንድ ትልቅ ዓይን ይሥላል እንበል። የዓይኑ ቅንድብ ከአንዱ ስንጥቅ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር መስመሩ ትንሽ ይቆረጣል፤ ብሩሹ ክፍተቱ ላይ ምንም የሚነካው የለም። ራቅ ብላችሁ ስታዩ ቅንድቡ ሙሉ ነው። ስትቀርቡ ይበታተናል፤ ቀርከሃው ይቀድማል፣ አንጓው ይቀድማል። ተመልካቹ ሥዕሉ ፊት ወዲያና ወዲህ መመላለስ ይጀምራል። በተወጠረ ሸራ ፊት ሰው እንዲህ አይመላለስም። ሸራው ድፍን ስለሆነ ሥዕሉን አንዴ ሰጥቶን ያርፋል። ስንጥቁ ግን የጎደለውን መስመር እኛ እንድንሞላው ይተውልናል፤ ጭቃው ማገሩን የሚይዘው ባዶው ቦታ ላይ እንደሆነው ሁሉ ሥዕሉም ዓይናችንን የሚይዘው እዚያ ነው።

ስለ ቁሱ ደግሞ ጥቂት ልቆይ፤ የእጅ ሙያ የምትወዱ ሰዎች እንዳላችሁ አያለሁ። በአፍሪካ ውስጥ ብዙ ቀርከሃ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ሽፋኑ ወደ 1 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሆን ሲገመት ኖሯል። ሁለት ዓይነት አለን። የቆላው፣ በተለይ ቤኒሻንጉል ውስጥ በስፋት የሚበቅለው፣ ውስጡ በአብዛኛው ድፍን ነው። የደጋው፣ በአዊ፣ በሲዳማ፣ በጋሞና በሸካ ደጋዎች ያለው፣ ውስጡ ባዶ ነው። ለስንጥቅ የሚመረጠው የደጋው ነው። ቀርከሃ ጭረቱ ሁሉ ከሥር ወደ ጫፍ በቁመት ስለሚሄድ ቢላዋ አንዴ ከገባበት በራሱ መንገድ ይወርዳል፤ የሚያስቸግረው አንጓው ጋ ብቻ ነው።

ይህን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ዶርዜዎች ናቸው። ጨንቻ ላይ ያለው የዶርዜ ቤት እንዳለ የተሸመነ ቤት ነው፤ የቀርከሃ ስንጥቅ ከመሬት እስከ ጉልላት በቁምና በአግድም ይሸመናል። አዲሱ ቤት 12 ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ ከዚያ ምስጥ ከሥሩ እየበላው በየጊዜው ያጥራል፤ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ቤታቸውን ከስንጥቅ የሚሸምኑት እነዚሁ ሰዎች ጥጥም የሚሸምኑ ናቸው፤ ሽሮ ሜዳ ያለውን ሸማ ያለ እነዚህ የጋሞ ሸማኔዎች ማሰብ አይቻልም። የዘሪሁንን ሰሌዳ ሳይ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የሸማኔ ዕቃ ነው፤ የተደረደረ ቀርከሃ፣ በመካከሉ የሚያልፍ ቀለም። የጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ አውሮፓና ስለ አፍሪካ ጭምብል ተጽዕኖ ብዙ ይጽፋሉ፤ እኔ ግን ሽሮ ሜዳንም ቢጨምሩልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ቀርከሃ ሁለት ችግር አለው፤ ሁለቱንም ሳያውቅ የጀመረ ሰው ይበሳጫል። አንደኛ፣ የውጭ ቆዳው ጠንካራና የሚያንሸራትት ነው፤ ኮላም ቀለምም አይዝበትም። ወይ ቆዳው ይፋቃል፣ ወይ ውስጠኛው ገጽ ወደ ላይ ይደረጋል። ሁለተኛ፣ ውስጡ ስታርች ስላለበት ነቀዝ ይወደዋል፤ ሥዕሉ ከተሰቀለ በኋላ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ሲራገፍ ያኔ ይታወቃል። መድኃኒቱ ሦስት ዓመት ያለፈውን ግንድ በበጋ መቁረጥ፣ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማቆየት ወይም በጢስ ማጠን፣ ወይም በቦራክስ ውኃ መንከር ነው። የገጠር ቤት ጣሪያ ላይ ጢስ የጠገበ ቀርከሃ ብዙ ዓመት ነቀዝ ሳይደፍረው የሚቆየው በከንቱ አይደለም።

ማገርም ሆነ ቀርከሃ፣ ስንጥቅን ከሰፊ ሳንቃ የሚያስመርጥ አንድ የተፈጥሮ ምክንያት ደግሞ አለ። እንጨት በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ይሰፋል፣ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል። በቁመቱ በኩል ለውጡ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ በወርዱ በኩል ግን ይታያል። በወርዱም ቢሆን በዕድሜ ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሐል ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ይደርሳል፤ ሳንቃ የሚጣመመውም በዚህ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ በዚህ ጠባዩ ክፉ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደነበሩት እንደ ፍሬ ጽዮን ያሉ ሠዓሊዎች በእንጨት ሰሌዳ ላይ ሲሥሉ ከቀለሙ በታች ጄሶ የሚያነጥፉት ለስላሳ መሥሪያ ለማግኘት ነው፤ ሰሌዳው ሲንቀሳቀስ ግን ጄሶውም አብሮ ይሰነጠቃል። በየአብያተ ክርስቲያናቱና በየሙዚየሙ ያሉ አሮጌ ሥዕሎች ላይ በቁመት የሚወርደው ንቃቃት ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ሰሌዳው ሰፊ በመሆኑ መኮማተሩ ሁሉ አንድ ቦታ ተጠራቅሞ ይፈነዳል።

ያንኑ ሰሌዳ ሃያ ቦታ ብትሰነጥቁትና በየመካከሉ የወረቀት ውፍረት ያህል ብትለቁ እያንዳንዱ ስንጥቅ ጥቂት ጥቂት ይንቀሳቀሳል፤ የሚፈነዳ ነገር የለም። የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን የሠሩ ጥንታዊ ባለሙያዎች ይህን ያወቁት ይመስላል፤ አንበሳ፣ ዝሆን፣ እባብና ሌላም እንስሳ የተቀረጸበት የኮርኒሱ እንጨት አንድ ሰፊ ሳንቃ ሳይሆን በየራሱ ማዕቀፍ የተቀመጡ ትንንሽ ሰሌዳዎች ነው። ስለዚህ መጋጠሚያውን ማሳየት የውበት ምርጫ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሥዕሉን በዕድሜ የሚያቆየውም እሱ ነው።

እንግዲህ ልደታ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በመልሶ ማልማት እዚህ ሰፈር የፈረሰውን ብዙዎቻችሁ ከኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ወደ ጀሞና ወደ ሌላም ዳር ሄደ፤ ኋላም በፈረንጆቹ 2015 ከፎቆቹ አጠገብ ባቡር መሮጥ ጀመረ። የማፍረሱ ጥቅምና ጉዳት ሌላ መድረክ አለው። እኔ የማነሣው ስለ እንጨቱ ብቻ ነው። ቤት ሲፈርስ ቆርቆሮው ገዢ አለው፣ በርና መስኮቱ ገዢ አለው፣ ማገሩ ግን ምድጃ ይገባል። አሁንም በየሰፈሩ ጭቃ ቤት እየፈረሰ ነው፤ ማገሩም እየነደደ ነው።

ያ ማገር ሥዕል ለመሥራት ከአዲስ እንጨት የሚበልጥበት ምክንያት አለ። ሠላሳና አርባ ዓመት ደርቋል፤ ከዚህ በኋላ ብዙ አይጣመምም። ቀለሙንም ቤቱ ሰጥቶታል። ከማድ ቤት የወጣው በጥላሸት ጠቁሯል፤ ከሳሎን ግድግዳ የወጣው ጭቃው ቡናማ አድርጎታል፤ ከአጥር የተነቀለው ፀሐይና ዝናብ መትቶት ብርማ ግራጫ ሆኗል። ይህን ካገኛችሁ ቀለም ቆርቆሮ መክፈት አያስፈልጋችሁም። ካልበቃችሁ ከእንጨት ሥራ ቤት የወዳደቀ ቁራጭ ለምኑ፤ ዋንዛ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ጥድ ወይን ጠጅ ይመታል፣ ዝግባ ፈዛዛ ቢጫ ነው፣ ወይራ በጥቁር መስመር ያጌጠ ነው።

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ማገሩን ከጭቃው በደረቅ ብሩሽ አራግፉት፤ አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ደጅ ሥሩ። ምስማሩን በጉጠት ንቀሉ፤ አንድ የተደበቀ ምስማር የመጋዝ ጥርስ ይጨርሳል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉት፣ ጥላ ሥር አድርቁት። ገጹን እንዳትልጉት፤ በመላጊያ የሚሄደው ያ የአርባ ዓመት ቀለም ነው። ለስለስ እንዲል ከፈለጋችሁ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጫፍ ጫፉን ብቻ ንኩት። ሥዕሉን መጀመሪያ በወረቀት ላይ በሙሉ ልኩ ንደፉት፣ ከዚያ ኮምፔንሳቶ ላይ ገልብጡት። ስንጥቁን በስኳድራ እየለካችሁ ቁረጡ፣ ሳታጣብቁ ሁሉንም ደርድሩና አንድ ሌሊት ይደር፤ ጠዋት ስታዩት ሁለት ሦስቱን መቀየራችሁ አይቀርም። ስታጣብቁ ኮላውን የስንጥቁ መሐል ላይ በቀጭኑ አድርጉ፤ ዳርና ዳሩን ተዉት፤ እንጨቱ ወደ ግራና ቀኝ የሚተነፍስበት ቦታ ያገኛል። ክብደት ጭናችሁ ወይም በሞርሳ ይዛችሁ አሳድሩት። ቫርኒሽ የምትወዱ ታዝኑብኛላችሁ፤ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ግራጫውንና ጥቁሩን አንድ ስለሚያደርገው ባይቀባ እመርጣለሁ።

ምን ይሣልበት ለሚለው ጥያቄ፣ ስንጥቅ የሚወደውና የማይወደው አለ። ቀጥ ያለ ነገር ይወዳል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አጥር፣ ደረጃ፣ የእንጦጦ ጋራ ሸንተረር፣ የባቡሩ ሐዲድ። የመስመሩን አቅጣጫ ብቻ በመቀየር ብርሃንና ጥላ ይወጣል፤ አንዱ የጣሪያ ገጽ በቁሙ፣ ሌላው በአግድሙ ቢደረደር ከአንድ ዓይነት እንጨት ሁለት ቀለም ታያላችሁ። የሰው ፊት ግን አይወድም። ክብ ጉንጭ ለማውጣት ስንጥቁን በትንንሹ ስትቆራርጡት እንጨቱ ፍርፋሪ ይሆናል። ፊት የግድ ከሆነ የዘሪሁንን መንገድ ያዙ፤ ስንጥቁን አትቁረጡት፣ ደርድራችሁ በላዩ ሣሉ።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ዕውቀት ሩቅ አይደለም። በ1954 የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተብሎ የተመሠረተው፣ ሁላችንም ሕንፃ ኮሌጅ የምንለው ትምህርት ቤት እዚሁ ልደታ ነው፤ ተግባረ ዕድም ከዚህ በእግር የሚደረስ ነው። አንዱ ጋ ጭቃ ቤትን እንደ ሕንፃ ያጠና ሰው አይጠፋም፣ ሌላው ጋ መጋዝና መላጊያ የጨበጠ ወጣት ሞልቷል። ጭቃና እንጨት ተመልካች የማያገኝ ይመስላችሁ እንደሆነ ደግሞ መካኒሳ ሄዳችሁ በ2019 የተከፈተውን ዞማ ሙዚየም እዩ፤ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ያሠሩት ግድግዳ ጭቃና ጭድ ነው፤ በእጅ የተቀረጸበት ጌጥም ግድግዳውን ራሱን ሥዕል አድርጎታል። የኤልያስ የሌላው ሥራ ቁስም ሰው የጣለው ነገር ነው፤ ቁልፍ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የተፈታ ኮምፒዩተር።

አንድ የመጨረሻ የሥራ ጉዳይ ልጨምርና ጥያቄ እቀበላለሁ። የሠራችሁትን ሰሌዳ ጀርባ ባዶ አትተዉት። ስንጥቁ ከየትኛው ሰፈር፣ ከቤቱ ከየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ዓመት እንደወጣ፣ ዛፉ ምን እንደሆነ ከታወቀም እሱኑ ጻፉበት። በእርሳስ ይሁን፤ ቀለም በኮምፔንሳቶ ላይ ይፈሳል፣ እስክሪብቶም በጥቂት ዓመት ይደበዝዛል። ቤቱ የማን እንደነበረ የምታውቁ ከሆነ ባለቤቶቹን አስፈቅዳችሁ ጻፉ፤ ብዙዎቹ ዛሬ ጀሞ ናቸው፣ ስልካቸው ጎረቤት ዘንድ አለ።